ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጀ ሰላም

የደብራችንን የኢዮቤልዩ በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ የሁላችን አሳብ ወዳለፉት ዘመናት መመለሱ የማይቀር ነውና፤ እኔም ስለ መንገድ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ። ይኸውም እግዚአብሔር ሰውን ስለሚመራበት መንገድ ነው።

አገራችን የመንገደኛ አገር ናት። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚዘልቀው ጎዳና፤ ቡሬ ላይ ተከፍሎ አንዱ ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር፤ ሁለተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ይሄዳል። ነጋዴ በዚህ መንገድ ሲመላለስ ትርፉን አስቀድሞ አስቦ፤ ስንቁንም ሰንቆ ነው። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ስንቅ ሳይዝ የሚሄድ ሌላ መንገደኛ አለ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው።

ይህ ብላቴና ደበሎውን ለብሶ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፤ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከእናቱ ቤት ሲወጣ የት እንደሚደርስ አያውቅም። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፤ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፤ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ፤ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። በየደጃፉ ቆሞ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። በባዕድ አገር በጎጆው ውስጥ ታሞ፤ ወላጅ ሳያየው ያለፈም ብዙ ነው። ደግሞም ልብ እናድርግ፤ ይህ ተማሪ እረኛን መንገድ ሲጠይቅ የሚጠይቀው የሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን የት እንደ ሆነ ነው እንጂ እስከ መጨረሻው ያለውን አይደለም። ከዚያ ሲደርስ ደጀ ሰላም ገብቶ ያድራል፤ ሲነጋ የሚቀጥለውን ይጠይቃል። በእግዚአብሔር መመራትም እንዲሁ ነው፤ ፍጻሜው አይታይም፤ ለዕለቱ የሚበቃው ብርሃን ግን አይጠፋም።

ከዚህ መንገድ ልጆች አንዱን እናስብ። ከምዕራብ ጎጃም ጋር በምትዋሰነው በደብረ ኤልያስ በ1902 ዓ.ም. መልእክቱ የሚባል ሕፃን ተወለደ። ይህ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድጎ መነኰሰ፤ በ1940 ዓ.ም. በካይሮ ጳጳሳት ሆነው ከተሾሙት ከአምስቱ ኢትዮጵያውያን አባቶችም አንዱ ሆነ፤ ስሙም አቡነ ቴዎፍሎስ ተባለ። በኋላም በግንቦት 1963 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በገዛ አገራቸው ምድር ተሾሙ።

ነገሩ በዚህ ቢፈጸም፤ እግዚአብሔር የመራው ሰው ይከብራል ብለን በቀላሉ በተናገርን ነበር። ግን በዚህ አልተፈጸመም። ያለ መንግሥት ፈቃድ ሦስት ጳጳሳትን ስለ ሾሙ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። ልጆቻቸው ምእመናንም ለብዙ ዘመን መቃብራቸውን አያውቁም ነበር። እንግዲህ ከደብረ ኤልያስ የመራቸው አምላክ በወህኒ ቤቱ ደጃፍ ተለያቸውን?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በከተማችን ስም ውስጥ አለ። ፍኖተ ሰላም የሚለው ቃል በየዕለቱ ከዳዊት ጋር የምንጸልየው የጸሎተ ዘካርያስ መደምደሚያ ነው። ካህኑ ዘካርያስ ይህን የተናገረ ልጁ ዮሐንስ በተወለደ ጊዜ፤ እግራችን ወደ ሰላም መንገድ የሚቀናበት ቀን እንደ ደረሰ በመንፈስ ቅዱስ አይቶ ነው። ያ ሕፃን ግን አድጎ መንገድ ጠራጊ ሆነና፤ በሄሮድስ ወህኒ ቤት አንገቱን ተቈረጠ። አባቱ የዘመረለት የሰላም መንገድ በሰይፍ ፊት አልተቋረጠም። ስለዚህ የሰላም መንገድ ማለት መከራ የሌለበት መንገድ ማለት አይደለም፤ መከራው ከእግዚአብሔር የማይለይበት መንገድ ማለት ነው እንጂ። ብዙዎቻችን እህል ሲበረክት፤ ገበያ ሲቀና፤ ልጅ ሲሾም እግዚአብሔር መራን እንላለን፤ ሲጎድል ግን ተወን እንላለን። ዘካርያስ እንዲህ አላስተማረንም።

የቅዱስ ፓትርያርኩም ነገር በ1971 ዓ.ም. አላለቀም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ዐፅማቸው ተገኝቶ በ1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ። በዚያው ዓመት፤ እርሳቸው ከሾሟቸውና ስለ ሹመታቸው ከታሰሩት ሦስት ጳጳሳት አንዱ፤ አቡነ ጳውሎስ፤ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። የታሰሩበት ሥራ በቤተ ክርስቲያን ፍሬ አፍርቶ ታየ፤ እርሳቸው ግን ይህን በሥጋ ዓይናቸው አላዩም። የዘራ ሁሉ አጨዳውን አያይም፤ ዝናሙን የሚያዘንመው ግን ያውቀዋል።

በኦሪት ሕግ የኢዮቤልዩ ዓመት ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። የእኛም ርስት በሰማይ ነውና፤ ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሸኘ አባት፤ ዘሩን በትኖ ደመናውን የሚጠብቅ ገበሬ፤ በሽተኛ የምታስታምም እናት፤ ሁላችንም መንገደኞች ነን። የሚቀጥለውን ደብር እየጠየቅን እንሂድ። ያ ተማሪ በሌሊት ደክሞ ሲደርስ ደጀ ሰላም ተከፍቶ እንደሚቀበለው፤ እኛንም በፍኖተ ሰላም መርቶ ወደማይዘጋው ደጀ ሰላም ያግባን። ለዘለዓለሙ አሜን።