ከጌዶ ወደ ሥራ ዓለም፦ የሙያ ሥልጠና ስለ ምን የወደቁ ተማሪዎች መንገድ ሆነ?



ከአምቦ በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ጌዶን አቋርጦ ያልፋል። በዚህች የጨሊያ ወረዳ ከተማ፣ ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ወጣት እንግዳ አይደለም። ይህ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ወዴት ይሂድ? ‹‹ሙያ ይሠልጥን›› የሚለው መልስ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ቤተሰቡ ይህን ምክር እንደ ፍርድ ይሰማዋል። ስለ ምን?

የተለመደው ማብራሪያ ኅብረተሰባችን የእጅ ሥራን ይንቃል የሚል ነው። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን የሚያንኳስስ ልማድ መኖሩ አይካድም። ታሪኩ ግን ሌላ ምክንያትም ያሳያል።

ከጣልያን ወረራ ማግሥት መንግሥት የተማረ ሰው እጅግ ያስፈልገው ነበር። በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቋሙ፤ በ1939 ዓ.ም. የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከተለ። የተማረው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን ሙያ መማር እንደ ውድቀት አይቆጠርም ነበር። የአምቦው ትምህርት ቤት ራሱ ግን ኋላ ኮሌጅ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተቋሙም እንደ ተማሪው ወደ ላይ መውጣትን መረጠ።

ተማሪው እየበዛ የቢሮው ወንበር እያነሰ ሲሄድ፣ ‹‹ሴክተር ሪቪው›› የተባለው ጥናት በ1964 ዓ.ም. አዲስ ሐሳብ አቀረበ፦ ለአብዛኛው ሕፃን የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስና የላይኛው ደረጃ ዕድገት እንዲገደብ። ብዙዎች ግን ዕቅዱን የድኻ ልጅ ከእርሻው እንዳይወጣ የሚዘጋ በር አድርገው ተረዱት። መምህራን በየካቲት 1966 ዓ.ም. አድማ ሲመቱ፣ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጎን ለጎን ይህን ዕቅድ ተቃወሙ። የዚያ ዓመት አብዮት ከተቀጣጠለባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ሆነ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከ10ኛ ክፍል በኋላ አደረገው። ብሔራዊ ፈተናው ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ወደ መሰናዶ፣ ከቀሩት ብዙዎቹን ወደ ሙያ መራ። በዚህ አሠራር ሙያ ከምርጫ ይልቅ የተረፈ ዕጣ ሆነ። በኋላም የጀርመንን ልምድ ተከትሎ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በድርጅት ውስጥ እንዲለማመድ ታሰበ፤ ዳሩ ግን ይህ አሠራር ሠልጣኝ የሚቀበል ወርክሾፕና ፋብሪካ ይሻል። እንደ ጌዶ ባሉ፣ ኑሯቸው በእርሻና በአነስተኛ ንግድ በቆመ ከተሞች ይህ በቀላሉ አይገኝም።

ዛሬ ጥያቄው ይበልጥ ከብዷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለጥቂቶች የተሠራ መሰላል ብዙኃኑን ከሥሩ ትቷል።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ ወላጆች ሙያን የሸሹት ባለማወቅ ብቻ አለመሆኑን ነው። መንግሥት ለማን እንደሚከፍልና ለማን በር እንደሚከፍት አይተው መዘኑ፤ ሚዛናቸውም ትክክል ነበር። ስለዚህ ቤተሰብን ከመውቀስ አስቀድሞ ሦስት ነገሮች ይቅደሙ፦ ሙያ ከፈተናው በፊት በምርጫ ይቅረብ፤ ከሙያ ወደ ዲግሪ የሚያሻግረው በር በተግባር ይከፈት፤ መለማመጃው ሠልጣኙ በሚኖርበት ከተማ ይሁን። እነዚህ ሳይሟሉ ‹‹ሙያ ይሠልጥን›› ብንል የጌዶው ቤተሰብ ዛሬም ፍርድ ሆኖ ቢሰማው አይፈረድበትም።