ንፋስ ስልክን ማን ነፋስ አለው?

«ንፋስ ስልክ ወራጅ አለ!» እንላለን ታክሲ ውስጥ። ግን ነፋስና ስልክን ምን አገናኛቸው?

«ስልክ» በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው ስልክም ቋሚ እየተተከለለት በሽቦ ነው የመጣው። በኋላ ግን ከከተማው በስተደቡብ፣ በአቃቂ መንገድ በኩል፣ የራዲዮ ጣቢያ ተሠራ። ሽቦው ከምሰሶው አናት ላይ ያልቃል፤ መልእክቱ ግን ባሕር ይሻገራል። ታዲያ ከነፋስ በቀር ማን ያደርሰዋል? ሕዝቡ «ንፋስ ስልክ» አለው። እውነቱን ለመናገር ሥራው የነፋስ አይደለም፤ አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከከፍተኛው አየር ነጥሮ፣ ሩቅ አገር ይወርዳል። ቢሆንም እኛ «ገመድ አልባ» ከሚለው ይልቅ የእነሱን ስም እንመርጣለን።

ልብ በሉ፤ ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የሚባል የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ሥራው በ1927 ዓ.ም. አለቀ። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በራዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። በሃያኛው ቀን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ጦሩ ይዟቸው የመጣውን ትናንሽ ታንኮች ከፊያት ጋር ሆኖ የሠራውም ያው አንሳልዶ ነው።

ኢጣልያ በሸጠችልን መሣሪያ በኢጣልያ ላይ አቤት አልን ማለት ነው። ራዲዮው ወረራውን አላስቆመም። ዓለም ግን «አልሰማሁም» ሊል አልቻለም።

ዛሬ ስሙ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ታሪኩንም ለታናናሾቻችን እንንገራቸው።