ለማናውቀው ልጅ ዓይን የወጣ መዋጮ



እንደሚታወቀው የእድራችን ሣጥን የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለሀዘንተኛው ቤት የሚገባው ይሰጣል። በየወሩ የምናዋጣው ግን ለራሳችን ቤት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ከፍሎ ሌላውን ሲቀብር የኖረ አባል ስንቱ ነው! ዘንድሮ ልንጽፍ ያሰብነው ይህን የመሰለ መዋጮ፣ በዘር በወረሱት በሽታ ዓይናቸው ለሚጠፋ ልጆች ምን እንደሠራ ነው። ዘመኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። ልጅ ሲመሽ መንገድ ሲስት፣ ደጃፍ ላይ ሲደናቀፍ፣ «ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብሉት» ይባላል። አባባሉ ከንቱ አይደለም፤ በቫይታሚን ኤ እጥረት የመጣ ዳፍንት በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ነገር ግን በጉበት የማይመለስ ዳፍንትም አለ። ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሐኪሞች ሬቲና የሚሉት፣ በዘር በመጣ ጉድለት ቀስ በቀስ ይሞታል። በአንዳንዱ ዓይነት አባትም እናትም ደህና ያያሉ፤ ሁለቱም ጉድለቱን ሳያውቁት ተሸክመው ሲጋቡ፣ የሚወለደው እያንዳንዱ ልጅ የመታመሙ ዕድል ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ «እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው» ማለት ወላጅን በከንቱ ማሳዘን ነው።

በአሜሪካ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው የታመሙባቸው ቤንና ቤቨርሊ በርማን፣ በዚሁ ዓይነት በሽታ ዓይኑ ከጠፋው ከጎርደን ጋንድና ከባለቤቱ ጋር ሆነው በ1971 ለምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋሙ። ያን ጊዜ ለሰጪው የሚያሳዩት የዳነ ልጅ አንድም አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2001፣ ማኅበሩ ከደገፋቸው ምርምሮች በአንዱ፣ ማየት ተስኗቸው የተወለዱ ቡችሎች በጂን ሕክምና ማየት መጀመራቸው ተገለጸ። በ2007 ሙከራው በሰው ላይ ተጀመረ፤ በ2017 መጨረሻ ሉክስተርና የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። መዋጮው ከተጀመረ 46 ዓመት መሆኑ ነው! እሱም የሚያገለግለው አርፒኢ65 በሚባል በአንድ ጂን ጉድለት ለታመሙት ብቻ ነው፤ ዋጋውም ሲወጣ ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ነበር። ለጋንድ ለራሱ ብርሃኑ አልተመለሰለትም።

«ታዲያ ይኼ ለመቱ ሰው ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ሲገኙ፣ የግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ፣ ከ10 የአንዱ ያህል ደግሞ ትራኮማ ነበር። እነዚህ በሚታወቅ ሕክምና የሚድኑ ወይም አስቀድሞ የሚከለከሉ ናቸውና ቅድሚያ ይገባቸዋል።

ሆኖም የማያውቁት ሰው ሳንቲም ምን እንደሚሠራ መቱ ታውቃለች። በ1981 ተዋናዩ ካርልሃይንዝ ቦም በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ችግረኞች 1 ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። ሲሶው አልሞላም፤ ግን ከሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» ተቋቋመ፤ ሥራውም ኢሉባቦር ድረስ መጣ። ካርል የሚለው ስም ዛሬም በመቱ ሆስፒታል ላይ አለ። ማርኳን የሰጠው ሰው መቱን በስምም አያውቃት ይሆናል።

እኛ ሚሊዮን የለንም፤ ሁለት ነገር ግን አለን። አንደኛው፣ ሽማግሌዎቻችን ለጋብቻ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ዘር ነው። ልማዱ ተሸካሚዎች እንዳይገናኙ ይረዳል፤ ተመራማሪም ከቤተሰቡ የሚጠይቀው ይህንኑ ቆጠራ ነው። እንግዲህ ሲመሽ የማያይ ልጅ ያለው ቤት አይደብቀው፤ ዘሩን ጽፎ ልጁን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰድ። ሁለተኛው መዋጮ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ልጁን ጅማ ወይም አዲስ አበባ ለማድረስ የመሳፈሪያ ያጣ ወላጅ ሲኖር ሣጥናችን ይከፈት ወይ? ለቀብር ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ይከፈት እንላለን። በጠቅላላ ስብሰባው እንነጋገርበት።