የሊድስ ዩናይትድ የገንዘብ ቀውስ

የሊድስ ዩናይትድ የገንዘብ ቀውስ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው የሊድስ ዩናይትድ እግር ኳስ ክለብ ከ2001 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የገባበት የዕዳ ችግር ነው (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክለቡ በ2001 ለአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ወደ እንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ወረደ። የተጫዋቾች ደመወዝ ከገቢ ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ምን እንደሚከተል ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ታሪክ ነው።

የችግሩ መነሻ

የአንድ ክለብ ገቢ በዋናነት ከስታዲየም መግቢያ፣ ከቴሌቪዥን መብት፣ ከስፖንሰርና ከተጫዋች ሽያጭ ይገኛል። አብዛኛው ከውጤት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ደመወዝ ግን ለአራትና ለአምስት ዓመት በውል የታሰረ በመሆኑ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይከፈላል።

በሊቀመንበር ፒተር ሪድስዴልና በአሰልጣኝ ዴቪድ ኦሊሪ ዘመን ክለቡ ውድ ተጫዋቾችን ሰበሰበ። በኅዳር 2000 ተከላካዩን ሪዮ ፈርዲናንድን በ18 ሚሊዮን ፓውንድ ከዌስትሃም ገዛ፤ ይህም በወቅቱ የብሪታንያ የዝውውር ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን በቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በቫሌንሲያ ተሸንፎ ወጣ። በሊጉ ደግሞ ከሊቨርፑል በአንድ ነጥብ አንሶ አራተኛ ሆነ። ያኔ እንግሊዝ ለቻምፒዮንስ ሊግ የነበራት ኮታ ሦስት ብቻ ስለነበር ይህች አንዲት ነጥብ ብዙ ገንዘብ አስቀረችበት።

ክለቡ ግን ወጪውን አልቀነሰም። በ2001 ወደፊት የሚሸጡ የመግቢያ ትኬቶችን ዋስትና አድርጎ በ25 ዓመት የሚከፈል 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ፤ ሮቢ ፋውለርንም ከሊቨርፑል አስመጣ። ስሌቱ በየዓመቱ በቻምፒዮንስ ሊግ እንጫወታለን የሚል ነበር። በ2002 የመጀመሪያ ቀን ሊጉን ይመራ የነበረው ቡድን የውድድር ዘመኑን በአምስተኛነት ጨረሰ።

ሽያጭና ደመወዝ

ፈርዲናንድ በሐምሌ 2002 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ይህ አትራፊ ሽያጭ ነበር፤ ሌሎቹ ግን እንዲህ አልሆኑም። ክለቡ መቸገሩን ገዢዎቹ ስላወቁ ዋጋ ያወርዱ ጀመር። ከፍተኛ ደመወዝ የተፈረመለት ተጫዋችም በአዲሱ ክለብ ያነሰ ክፍያ ሲቀርብለት ለመሄድ አይቸኩልም፤ ልዩነቱን ሻጩ ይሸፍናል። ፋውለር በጥር 2003 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲዛወር ሊድስ ከደመወዙ ከፊሉን መክፈሉን ቀጠለ። ለሌላ ክለብ ለሚጫወት ሰው ደመወዝ መክፈል ማለት ነው።

በመጋቢት 2003 ሪድስዴል ሥልጣኑን ለቀቀ። ጋዜጦች በቢሮው ስለነበሩት በኪራይ የመጡ ወርቃማ ዓሦች ብዙ ጻፉ፤ የዓሦቹ ወጪ ግን ከአንድ ተጫዋች የሳምንት ደመወዝ ጋር እንኳ የሚወዳደር አልነበረም።

ውድቀት

በ2004 ክለቡ ከፕሪምየር ሊግ ሲወርድ የቴሌቪዥን ገቢው አሽቆለቆለ። በዚያው ዓመት ስታዲየሙን ኤላንድ ሮድንና የልምምድ ማዕከሉን ሸጦ በገዛ ሜዳው ተከራይ ሆነ። በግንቦት 2007 ዕዳውን መክፈል ተስኖት በእንግሊዝ ሕግ መሠረት በገለልተኛ አስተዳዳሪ ሥር ወደቀ፤ 10 ነጥብ ተቀንሶበትም ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ከአበዳሪዎች ጋር ደንቡ የሚጠይቀው ስምምነት ሳይጸድቅ ከአስተዳዳሪው እጅ በመውጣቱ የቀጣዩን ውድድር ከዜሮ በታች በ15 ነጥብ ጀመረ።

በእንግሊዝ የሊግ ደንብ እንዲህ ያለ ክለብ በውድድሩ ለመቀጠል የተጫዋቾችንና የሌሎች ክለቦችን ዕዳ ሙሉ በሙሉ መክፈል አለበት። በ2007 ግብር ሰብሳቢውና ትንንሽ አቅራቢዎች ከተረፈው ይካፈሉ ነበር። ስለዚህ ከአቅም በላይ የተፈረመ ደመወዝ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ውሉን ባልፈረሙት ላይ ነው።

ኤላንድ ሮድ ወደ ክለቡ ባለቤት እጅ የተመለሰው በ2017 ሲሆን ክለቡ ወደ ፕሪምየር ሊግ የተመለሰው ደግሞ በ2020፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

የኋላ ደንቦች

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) በ2010 ክለቦች ከገቢያቸው በላይ እንዳያወጡ የሚቆጣጠር ደንብ አወጣ። በ2022 በጸደቀው አዲስ ደንብ የተጫዋቾችና የአሰልጣኝ ደመወዝ፣ የዝውውር ወጪና የወኪሎች ክፍያ ተደምሮ ከክለቡ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። ጣሪያው በ2023–24 90 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 80 በመቶ፣ ከ2025–26 ጀምሮ 70 በመቶ ነው።