ክፍልፋይን ስለ መነጣጠል

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአይከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ የተወሳሰበውን የአልጀብራ ክፍልፋይ ወደ ቀላል ክፍልፋዮች መነጣጠል ነው። ክፍልፋዮችን መደመር የሕፃን ሥራ ነው፤ ተደምሮ የተዋሐደውን መልሶ መለየት ግን ብልኀት ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ መንገዱን በቃሉ ይዞ ጥቅሙን ሳያውቀው ያልፋል፤ ምሳሌው ግን በአገሩ አለ።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ከፍለው፣ ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው አሉ። 15ቱ ኬክሮስ የዕለት ሩብ ስለ ሆኑ በ4 ዓመት አንድ ዕለት ይሞላሉ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 6ቱ ካልዒት ግን የዕለት 1/600 ናቸውና አንድ ዕለት የሚሞሉት በ600 ዓመት ነው። ሁለቱ ተደምረው 151/600 ተብለው ቢጻፉ ኖሮ፣ ስሌቱ ባይሳሳትም ማን በ4፣ ማን በ600 ዓመት እንደሚሞላ ከቁጥሩ ማን ያነበው ነበር? (በዛሬው የሥነ ፈለክ ልክ የወቅቶች ዓመት ከ365 ዕለት ከሩብ በጥቂቱ ያንሳል፤ እርሱ ሌላ ነገር ነው።) መምህራን ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምሩት ይሻላል ባይ ነኝ።

በአልጀብራው መነጣጠሉ የተስፋፋው፣ በጎንደር ቀዳማዊ ኢያሱ ነግሠው ሳሉ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1702 ዓ. ም. ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ላይብኒዝና የስዊሱ ዮሐን ቤርኑሊ በየፊናቸው ስለዚሁ ጻፉ። ላይብኒዝ የአባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ይጻጻፍ የነበረው ሰው ነው። የሁለቱም ዐላማ ከጠማማ መስመር በታች ያለውን ስፋት ማስላት ነበር፤ ክፍልፋዩ ከተነጣጠለ እያንዳንዱ ቁራጭ በሎጋሪዝም ወይም በክብ ቅስት ይሰላልና።

ላይብኒዝ ግን በአንድ ስፍራ ተሰናከለ። ታችኛው ቁጥር ሀ⁴ + 1 ሲሆን በእውን ቁጥሮች አይከፈልም፣ ስለዚህም ስፋቱ በሎጋሪዝምና በቅስት አይገኝም ብሎ ፈረደ። በ1719 ዓ. ም. የዮሐን የወንድም ልጅ ኒኮላስ ቤርኑሊ እንደሚከፈል አሳየ። መ ሁለተኛ ርቢው 2 የሆነ ቁጥር ቢሆን፣ ክፋዮቹ (ሀ² + መሀ + 1) እና (ሀ² − መሀ + 1) ናቸው። ተማሪው ሁለቱን አባዝቶ ላይብኒዝ ያላየውን በደብተሩ ላይ በሦስት መስመር ሊያየው ይችላል።