ሽምቅ ውጊያ፣ መደበኛ ሠራዊትና የሕዝብ አመለካከት፦ ምዕራብ ጎጃም ከአርበኞች ዘመን እስከ ዛሬ

ከ2015 ክረምት ወዲህ ስለ አማራ ክልል ግጭት የምንሰማው ዜና በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ እገሌ ይህን ከተማ ያዘ፣ እገሌ ደግሞ ይህን ያህል ጠላት ደመሰሰ ይባላል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በእንዲህ ዓይነት ዜና ስማቸው ደጋግሞ ከተነሣ ከተሞች መካከል ናቸው። ሆኖም ሽምቅ ውጊያ ከተማ በመያዝና በመልቀቅ ብቻ አይመዘንም። ገበሬው ለማን ወሬ ያቀብላል? ለማን እህል ይሰጣል? ማንንስ ያምናል? ውጤቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። በዚህ ጽሑፍ ሽምቅ ውጊያ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሕዝብ አመለካከት ለምን ወሳኝ እንደሚሆን፣ ምዕራብ ጎጃም ከዚህ በፊት ምን እንዳሳለፈና በጦርነት ጊዜ ወሬን እንዴት መመዘን እንደሚገባ በቅደም ተከተል እናያለን።

ሽምቅ ውጊያ ምንድን ነው?

መደበኛ ሠራዊት የደንብ ልብስ፣ ደመወዝ፣ የዕዝ ሰንሰለት፣ ከባድ መሣሪያና የስንቅ መሥመር አለው። ጉልበቱ በብዛትና በመሣሪያ ነው። ድካሙም ከዚያው ይመነጫል፤ ነዳጅ፣ ጥይትና ስንቅ የሚደርሰው በመንገድ በመሆኑ መንገዱን ሁሉ መጠበቅ ይኖርበታል። ሸማቂው በተቃራኒው ፊት ለፊት አይገጥምም። አድፍጦ ይመታል፣ ይበተናል፣ ሌላ ቦታ ይሰበሰባል። የሚመጣበትን ኃይል መቋቋም ካልቻለ ከተማውን ለቅቆ ይወጣል፤ ከተማ መልቀቅ ለእርሱ ሽንፈት አይደለም።

የምዕራብ ጎጃም አቀማመጥ ለሁለቱም ፈተና ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው ዋና መንገድ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አልፎ ቡሬ ይደርሳል። ከቡሬ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ሲቀጥል ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። መንገዱን የያዘ ከተሞቹን ይይዛል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ደጋና ቆላ፣ ሸለቆና የበቆሎ ማሳ ግን በጥቂት የጦር ሰፈሮች የሚጠበቅ አይደለም። በክረምት በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግና ጭቃው መኪና ሲይዝ ሚዛኑ ወደ ሸማቂው ያዘነብላል።

የቻይናው መሪ ማኦ ዜዱንግ ሸማቂን በዓሣ፣ ሕዝብን በውኃ መመሰሉ ይታወቃል። ሸማቂ ያለ ሕዝብ አይበላም፣ አይሸሸግም፣ መረጃም አያገኝም። ስለዚህ መደበኛው ሠራዊት ሁለት አማራጭ ይገጥመዋል፦ የሕዝቡን አመኔታ አግኝቶ ሸማቂውን ብቻውን ማስቀረት፣ ወይም ሕዝቡን ራሱን መቅጣት። ሁለተኛው ፈጣን መስሎ ይታያል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

ለዚህ ሙስሊሙ ዓለም በሚገባ የሚያውቀው ምሳሌ ሊቢያ ነው። የቂሬናይካን ተጋድሎ የመሩት ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር በጥቂት ፈረሰኞች የጣሊያንን ጦር ለዓመታት አስጨንቀዋል። ጄኔራል ግራዚያኒ ሸማቂውን ከሕዝቡ ለመነጠል ሲል 100 ሺህ ያህል የገጠር ነዋሪዎችን በሽቦ አጥር ውስጥ አጎረ፤ በዚያም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ሸይኹ እ.ኤ.አ በመስከረም 1931 ተሰቀሉ። ተጋድሎው ለጊዜው ቢገታም ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ያው ግራዚያኒ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋም በእርሱ ዘመን ነው።

የአርበኞች ዘመን፦ ቡሬ እንዴት ተለቀቀ?

ጣሊያን በ1928 ወደ ጎጃም ሲገባ መጀመሪያ ላይ የገጠመው ተቃውሞ የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። የጎጃም መኳንንት ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ቅሬታ ነበራቸው። ነገሩ የተለወጠው ጣሊያኖች የገበሬውን ጠመንጃ መሰብሰብና መንደር ማቃጠል ሲጀምሩ ነው። በ1930 ዓ.ም አመፁ ጎጃምን አዳረሰ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በላይ ዘለቀ ከሚጠቀሱት መሪዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጣሊያን በቡሬ፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫ፣ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር ግን በአብዛኛው የአርበኛው ነበር።

በ1932 ክረምት መጨረሻ የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም ዘልቆ ገባ። የመጀመሪያ ሥራው መሣሪያ ማደል ብቻ አልነበረም፤ እርስ በርስ የተቀያየሙትን የአርበኛ መሪዎች ማስታረቅም ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበሩን ተሻገሩ። በሜጀር ዊንጌት የሚመራውና «ጌድዮን» የተባለው ጦር በመደበኛ ወታደር ከሁለት ሺህ የማይበልጥ ሲሆን በቡሬ አካባቢ የነበረው የጣሊያን ጦር በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሕዝብ አመለካከት እንደ መሣሪያ ሆኖ የሚታየው። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር በካርቱም «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ አሳትሞ ያሰራጭ ነበር። በግንባርም በድምፅ ማጉያና በበራሪ ወረቀት በጣሊያን ሥር ያሉትን አገሬ ወታደሮች ከድተው እንዲወጡ ይጠራ ነበር። ጣሊያኖች በበኩላቸው የጎጃምን ሰው ልብ ለመሳብ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ ራስ ኃይሉን ወደ ደብረ ማርቆስ አመጡ። የዊንጌት ጦር በሌሊት እየመታና ከአርበኞች ጋር እየተቀናጀ ከቁጥሩ እጅግ በዝቶ ታየ። የጣሊያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ መንገዱ ይዘጋብኛል ብሎ በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 28 ቀን 1933 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቡሬ የተለቀቀው ጦሩ ስላለቀ አይደለም፤ አዛዡ አገሩ ሁሉ በላዩ እንደተነሣ ስላመነ ነው።

በዚያው ዘመን ጣሊያን ለሙስሊሙም የተለየ ፕሮፓጋንዳ ነበረው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ በ1937 በትሪፖሊ ራሱን የእስልምና ጠባቂ አድርጎ የሚያሳይ ሰይፍ ተቀብሏል። በኢትዮጵያም መስጂድ ማሠራት፣ ዐረብኛ ማስተማርና ለሐጅ ጉዞ ድጋፍ መስጠት የፖለቲካው አካል ነበሩ። ሙስሊሙ ቀድሞ ያላገኘውን መብት ማግኘቱ እውነት ነው። ዑመር አል-ሙኽታርን የሰቀለ መንግሥት ይህን ያደረገው ለእስልምና አስቦ ነው ማለት ግን አይቻልም። ዓላማው ሕዝቡን በሃይማኖት ከፍሎ መግዛት ነበር። የአንድን ማኅበረሰብ እውነተኛ ቅሬታ ለራስ ጦርነት መጠቀም ዛሬም ያልቀረ ስልት ስለሆነ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

የ1960 የገበሬ አመፅ

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከራሳችን መንግሥት ጋር በተደረገ ግጭት ነው። በ1960 ዓ.ም የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የጎጃምን ገበሬ አስቆጣ። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ ርስቱን የሚያጣ መስሎት ነበር። በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ሠራዊትና አውሮፕላን አዘመተ። ቦምቡ አመፁን አላበረደም፤ ቁጣውን አባባሰው። በመጨረሻ ነገሩን ያረገበው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ መነሣታቸውና የተጠራቀመው ግብር መማሩ ነው። በአየር ድብደባ ያልተፈታው ቅሬታውን በመስማት ረገበ።

ከ2015 ወዲህ

የአሁኑ ግጭት የቅርብ መነሻ በ2015 መጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ የተላለፈው ውሳኔ ነው። በአማራ ክልል ሰፊ ተቃውሞ ተነሣ፤ በሐምሌ ወር በፋኖ ታጣቂዎችና በመከላከያ ሠራዊት መካከል የነበረው ግጭት ወደ ሙሉ ጦርነት ተለወጠ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታጣቂዎቹ ወደ በርካታ ከተሞች ገቡ፤ ሠራዊቱም ዋና ዋናዎቹን መልሶ ያዘ። ከዚያ በኋላ ውጊያው የታወቀውን የሽምቅ መልክ ያዘ፦ ሠራዊቱ ከተማና መንገድ ላይ፣ ታጣቂው ገጠር።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 በፍኖተ ሰላም ከተማ መሀል በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውንና ከ50 በላይ መቁሰላቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በደረሱ ድብደባዎች ሲቪሎች መጎዳታቸውን የሚያመለክቱ ተዓማኒ መረጃዎች እንደደረሱት አስታወቀ። ጥር 20 ቀን 2016 ደግሞ በመርዓዊ ከውጊያ በኋላ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን ኮሚሽኑ ገለጸ። መንግሥት በበኩሉ ሠራዊቱ ሲቪሎችን ዒላማ አላደረገም ብሏል።

በሌላው ወገን ታጣቂዎች መንገድ በመዝጋት፣ የመንግሥት ሠራተኞችንና «ተባባሪ» ያሏቸውን በማገትና በመግደል በሰብአዊ መብት ተቋማት ተከሰዋል። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የቡሬ በርበሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎ ወደ ገበያ የሚወጣው መንገዱ ሲከፈት ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚከስረው ገበሬው፣ ነጋዴውና ሕክምና የሚሻው በሽተኛ ነው።

ሁለቱም ወገኖች ጦርነቱን የሚጠሩበት ስም የተለየ ነው። አንዱ «ሕግ ማስከበር» ሲል ሌላው «የህልውና ትግል» ይላል። አንዱ «ጽንፈኛ» ሲል ሌላው «አርበኛ» ይላል። ስሙ ራሱ የሕዝብን አመለካከት ለመያዝ የሚደረግ ውጊያ ነው። በክልሉ ለወራት የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ይህ ግን ወሬውን አላስቆመም፤ የዓይን ምስክሩን አፍ ዘግቶ ሜዳውን በሩቅ ሆነው በዩቲዩብና በቴሌግራም ለሚናገሩ ለቀቀላቸው። ፍኖተ ሰላም ያለው ሰው ጎረቤቱ መሞቱን ሳይሰማ ውጭ አገር ያለው ስለ ድል ይነግረው ነበር።

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ የት ነው ያለው?

በምዕራብ ጎጃም ከተሞች የሚኖረው ሙስሊም በቁጥር ጥቂት ነው፤ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል የዓባይን ደቡብ ከጎንደርና ከምጽዋ ጋር ያገናኙ ነበር። በሽምቅ ውጊያ ጊዜ ጥቂት ቁጥር ያለው ማኅበረሰብ ልዩ አደጋ ይገጥመዋል። ሱቅ ያለው ነጋዴ ቀን ለአንዱ፣ ማታ ለሌላው እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ዝም ሲል «ከእነዚያ ጋር ነው» ይባላል፤ ሲናገርም እንዲሁ።

ወሬ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሞጣ አይተናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ቤተ ክርስቲያን ላይ ቃጠሎ ደረሰ የሚል ወሬ ከተሰራጨ በኋላ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጥለዋል። ያ የሆነው በሰላሙ ጊዜ ነው። ሁሉም በታጠቀበትና ስልክ በማይሠራበት ጊዜ የአንድ ሐሰተኛ ወሬ ጉዳት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ወሬን መመዘን

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ነገረኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል፤ ምክንያቱም ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) ደግሞ ወደ ሻም ለሚዘምተው ጦር ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገድል፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ ለአምልኮ የተለዩ መነኮሳትን እንዳይነካ አዘዋል። እነዚህን ሁለት መመዘኛዎች ይዘን በየቀኑ የሚደርሱንን የጦርነት ዜናዎች ስንመለከት የሚከተሉትን ብንጠይቅ እንላለን፦

ሀ. ተናጋሪው ቦታው ላይ ነበር ወይስ ከሌላ ሰምቶ ነው?

ለ. ምስሉ የዚህ ቦታና የዚህ ቀን ነው? የትግራይ ጦርነት ወይም የሌላ አገር ምስል የጎጃም ተብሎ ሊሰራጭ ይችላል።

ሐ. «ተደመሰሱ» ከተባሉት ውስጥ ሲቪሉ ከታጣቂው ተለይቷል? ካልተለየ ቁጥሩ ዜና ሳይሆን የጦርነት ቅስቀሳ ነው።

መ. ዜናው አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት በጅምላ ይወነጅላል? ይህን ዓይነቱን እውነት ቢመስለን እንኳ አናጋራው።

ሠ. የምናጋራው ቦታ፣ ስም ወይም ፎቶ በሕይወት ያለን ሰው ለሞት ያጋልጣል? በሽምቅ ውጊያ አንድ ሰው «ጠቋሚ» መባሉ ብቻ ያስገድለዋል።

የጎጃም ታሪክ ሦስት ጊዜ ያሳየው አንድ ነገር ነው። በ1930 ጠመንጃና መንደር ላይ የዘመተው ጣሊያን፣ በ1960 አውሮፕላን የላከው መንግሥት፣ ዛሬም በሁለቱም ወገን ሲቪሉን የሚጎዳ ሁሉ ያገኘው ለጊዜው ዝም ያለ ሕዝብ እንጂ የሚያምነው ሕዝብ አይደለም። ግጭቱ የሚፈታው በድርድር ሲሆን፣ ድርድሩም የሚጸናው የሟች ቤተሰብ የደረሰበት ነገር በእውነት ሲነገርለት ነው። እስከዚያው ድረስ እኛ ከእጃችን የማይወጣ አንድ ኃላፊነት አለብን፤ ያላጣራነውን አለማሰራጨት። አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያምጣ።