ለበሽታ የሚሰጥ ነጥብ

በየቤታችን «ቲፑል ኒምራጽ» የሚለው ቃል ሲሰማ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ዕብራይስጥ የሚችለው ልጅ ወደ ሐኪሙ ይላካል፤ «እስኪ ጠይቀው፣ ምን ያህል ነው የጠናባቸው?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ሐኪሞቹንም ለዓመታት ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። መልሱን በቁጥር ለመስጠት የሞከሩበት ረጅም ታሪክ አለው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ራሱ ዕድሜው ብዙ አይደለም። በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። በሽታው መተንፈሻ ጡንቻቸውን የያዘባቸው ሕሙማን፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ታፍነው ይሞቱ ነበር። ብየርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ በቱቦ አየር እንዲገፋላቸው መከረ። መሣሪያው አልበቃም። ስለዚህ 1500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ ቀንና ሌሊት አልጋው ሥር ተቀምጠው የአየር ከረጢቱን በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማኑን አስተነፈሱ። ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ የማይርቁ ወጣቶች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኢብሰን በጣም የታመሙትን አንድ ላይ የሚያስታምም ክፍል ከፈተ፤ ነገሩም ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ።

ነጥብ መስጠቱም የዚያው ዘመን ነገር ነው። ልጅ የወለዳችሁ ወላጆች «አፕጋር» የሚለውን ሰምታችኋል፤ ቨርጂኒያ አፕጋር የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ያወጣችው፣ ለተወለደ ሕፃን ከ10 የሚሰጥ ነጥብ ነው። በ1974 ደግሞ የግላስጎው ሐኪሞች ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የንቃት መለኪያ አወጡ። ዓይኑን ይገልጣል ወይ? ይናገራል ወይ? ይንቀሳቀሳል ወይ? ዛሬ ከ3 እስከ 15 ይቆጠራል።

ትልቁ እርምጃ ግን የመጣው በ1981 ነው። ዊሊያም ክናውስና ባልደረቦቹ በዋሽንግተን «አፓቺ» የተባለውን መለኪያ አወጡ። መጀመሪያ 34 ነገሮችን ይለካ ነበር። ይህን ሁሉ ማን ይሞላል? በ1985 ወደ 12 አወረዱት፤ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃትና የመሳሰሉት። ለምሳሌ የልብ ምት በደቂቃ ከ70 እስከ 109 ከሆነ 0 ነው፤ 180 ከደረሰ ወይም ከ40 በታች ከወረደ 4። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታየው የባሰው ይወሰዳል፤ ዕድሜና የቆየ በሽታ ይጨመራል። ከፍተኛው 71 ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አንድ ሆስፒታል ብዙ ሰው ሞተበት ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በጣም የታመሙትን ስለሚቀበል ሊሆን ይችላል። በነጥብ ካልተመዘነ ማወዳደር አይቻልም። ክናውስ በ13 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከ5000 በላይ ሕሙማንን በዚህ መንገድ መዝኖ በ1986 ውጤቱን አወጣ። በሆስፒታሎቹ መካከል የታየው ልዩነት ይበልጥ የተያያዘው ማስተማሪያ ሆስፒታል ከመሆናቸው ጋር ሳይሆን ሐኪሞችና ነርሶች ተግባብተው ከመሥራታቸው ጋር ነበር። ለእኔ የዚህ ታሪክ ምርጡ ክፍል ይሄ ነው።

ቤተሰብ ግን መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። «የመሞት ዕድሉ 40 በመቶ ነው» ሲባል፣ እንደዚህ ከታመሙ 100 ሰዎች 40ው ይሞታሉ ማለት ነው። አልጋው ላይ ያለው የእናንተ ሰው ከ40ዎቹ ይሁን ከ60ዎቹ ቁጥሩ አያውቅም።

ደግሞ ቁጥሩን የሚሞላው ሰው ነው። ከዓመታት በፊት አያቴ በሳንባ ምች ገብተው ነበር፤ እኔ 16 ዓመቴ ነው፣ አስተርጓሚ። ኦገስት ነው፣ ውጭው እሳት። ነርሷ «ምን ወር ላይ ነን?» ብላ ጠየቀች። አያቴ በኦክስጅን ጭምብላቸው ውስጥ «ነሐሴ ነዋ! ክረምቱ ሊወጣ ነው» አሉ። እኔ ነሐሴ የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ «ሖሬፍ እያለቀ ነው ይላሉ» አልኳት። ጻፈች።

እናቴ «ምን ብለህ ነው የነገርካት?» አለችኝ። ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። «ክረምት እኮ የአገር ቤት ዝናብ ነው! ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣው። ነሐሴ ኦገስት ነው፤ አባባ ልክ ናቸው!»

ነርስነት መማር ከጀመርኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ በግላስጎው መለኪያ ጊዜውንና ቦታውን አውቆ የሚመልስ በንግግር 5 ያገኛል፣ የተምታታበት 4። አፓቺ ላይ ደግሞ የጎደለው አንድ ነጥብ በሕመሙ ላይ ይደመራል። በኔ አማርኛ የተነሣ አያቴ ሳይብስባቸው ብሶባቸው ነበር።

ነርሷ ሳቀችና 4ቱን ሰርዛ 5 አደረገችው። አያቴ ወረቀቱን እያዩ «ስንት ሰጠችኝ?» አሉ።

«አምስት፣ አባባ።»

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

«እንዲያ ይሻላል» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።